ሚዳቋ ገባብን

ኦክቶበር 21፣ 2012፣ እሑድ

ሆስፒታል መጠበቂያ ክፍል ነኝ። የጻፍኩትን ራሴም በደንብ አላነበውም።

ደህና ነን። ሁሉም ሰው “ተርፋችኋል” ይላል። እኔ አንዲት ጭረት የለብኝም። እትዬ የሺሀረግ ግን ጉልበታቸው። ቀኙ። ኤክስሬዩ አጥንት አልተሰበረም ብሏል። “አጥንት ካልተሰበረ ምን ቀረብኝ” አሉኝ እየሳቁ። ጉልበቱ አብጦ ሐብሐብ አክሏል።

ሚዳቋ ገባብን። ስላይጎ ክሪክ መንገድ ላይ፣ ከጫካው በኩል ዘሎ። መሪውን አዞርኩና ዛፍ መታሁ። ለፖሊሱም ይህንኑ ነው የተናገርኩት።

እማዬ መጣች።

ኦክቶበር 22፣ ሰኞ

አሁን በሥርዓት ልጻፍ።

ትናንት አሌክሳንድሪያ ለቅሶ ነበር። እማዬ ሥራ ስለገባች መኪናዋን ሰጠችኝና “የሺን ይዘሻት ሂጂ፣ ይዘሻት ተመለሺ፣ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ነው የሚፈጅባት” አለችኝ። እትዬ የሺ እኛ ሕንፃ ላይ፣ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ነው የሚኖሩት። ሆቴል ክፍል ያጸዳሉ። ብቻቸውን ናቸው። እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንገባ አልጋ ያዋሱን እሳቸው ነበሩ፤ እኔ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ በእሳቸው ብርድ ልብስ ነው የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፍኩት።

ለቅሶ ቤት ለሁሉም ሰው “ይቺ የመሰረት ልጅ ዲግሪ ጫነች” እያሉ አስተዋወቁኝ። ስንመለስ ሊመሽ ብሎ ነበር። ከዚያ ሚዳቋው።

ሌላ ነገር። ካውንቲው ጠራኝ! አረጋውያንን ቤታቸው እየሄዱ የሚጎበኙበት የኬዝ ወርከር ሥራ። ከሜይ ጀምሮ ስንት ቦታ አመልክቼ! ኢሜይሉ የመጣው ትናንት ነው። ዛሬ ስፈልገው ተከፍቶ አገኘሁት። ማለቴ ትናንትም አየት አድርጌው ነበር መሰለኝ። የት ሆኜ እንደሆነ አላስታውስም።

ሥራው በመኪና ስለሆነ ንጹሕ የመንጃ ሪከርድ ይፈልጋሉ። ሚዳቋ ሪከርድ አያበላሽም። አጣርቻለሁ።

ኦክቶበር 30፣ ማክሰኞ

ሳንዲ የሚሉት ማዕበል መጥቶ ሁሉም ነገር ተዘግቷል፣ ትናንትም ዛሬም። እትዬ የሺ ቤት ዋልኩ። በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ ጉልበታቸው ላይ እያስቀመጥኩ፣ እያነሳሁ። እንጀራ ቆርጬ፣ ልብስ አጥቤ፣ ለሆቴሉ ደውዬ የሕመም ፈቃድ አስረዝሜ።

“ምነው ልጄ፣ አረፍ በይ እንጂ። ገረድ አደረግኩሽ እኮ።”

“እትዬ፣ እኔ ሳደርስዎት አይደል ይሄ የመጣው?”

“አድርሰሽኝ ቢሆንማ ጥሩ ነበር! ያላደረስሽኝ ነው ችግሩ።” እየተንከተከቱ ሳቁ። ከዚያ መረቁኝ። ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ፣ ብዙ ብዙ።

ምርቃቱ ሲበዛ በረዶው ቀልጧል ብዬ ተነሳሁ። አልቀለጠም ነበር።

ኖቬምበር 2፣ ዓርብ

የአጥንትና የጅማት ሐኪም ዘንድ አስተርጓሚ ሆኜ ገባሁ።

ኤምአርአዩን ስክሪን ላይ አሳየን። ጉልበት ውስጥ ጭኑንና ቅልጥሙን የሚያያይዙ ጅማቶች አሉ። መሐል ላይ በሰያፍ የሚያልፈው ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል፤ በጎን ያለውም ግማሹ ተተርትሯል። ይሄንን ተረጎምኩላቸው።

“ተበጥሷል? እንደ ገመድ?”

“እንደ ገመድ፣ አዎ።”

“ታዲያ ቋጥሮ አይመልሰውም?”

አይቋጠርም። ከሌላ ቦታ ጅማት ወስዶ በኦፕራሲዮን አዲስ መዘርጋት ነው። ያለዚያ ጉልበቱ በየጊዜው ይከዳቸዋል፣ በተለይ ደረጃ ላይና በርከክ ብለው ሲሠሩ። በርከክ ብሎ መሥራት ደግሞ የእሳቸው ሥራ ነው፣ ገንዳ ማጠብ፣ የአልጋ ጨርቅ ጠርዝ መጠቅጠቅ። ብዙም መዘግየት ጥሩ አይደለም አለ። የሆቴሉ ሥራ ፓርት ታይም ስለሆነ የጤና ኢንሹራንስ የላቸውም።

ሐኪሙ “ሕመሙ ከአንድ እስከ አሥር ስንት ነው?” አለ።

“ሁለት በይው” አሉኝ።

“እትዬ! ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስቱ ከታች ሆነን ሰምተናል።”

“አሥር የሚባለው ለወላድ ነው። ሰውየው ፊት ላልቅስ እንዴ? ሁለት በይው።”

ሰባት ነው ብዬ ነገርኩት። መዋሸቴ ነው፣ ግን ለጥቅማቸው ነው። ለሁለተኛ ጊዜ በሰው ስም በአፌ

(ይህን ዓረፍተ ነገር ተይው፣ ሰርክአዲስ።)

ኖቬምበር 8፣ ሐሙስ

የእማዬ መኪና ኢንሹራንስ ደወለ። ሴትዮዋ ድምጿ ለስላሳ ነው፣ በጣም ትሑት። ሚዳቋ ከሆነ የማንም ጥፋት አይደለም፤ የማንም ጥፋት ካልሆነ ለተሳፋሪዋ ኦፕራሲዮን የሚከፈል ካሳ የለም፤ ለድንገተኛው ክፍል ብቻ ትንሽ ይሸፍናሉ።

“ሾፌሯ ጥፋተኛ ብትሆን ኖሮስ?” አልኳት። እንዲሁ ለማወቅ።

“ያኔማ ሙሉውን እናየው ነበር፤ ሕክምናውን፣ ከሥራ የቀረችበትን። ግን ሾፌሯ አንቺ ነሽ አይደል? ሚዳቋ ነው ብለሻል።”

“አዎ።”

“እንግዲህ ደህና ሁኚ።”

መልካም ዜና፣ ካውንቲው ሥራ የምጀምርበትን ቀን ነገረኝ። ከጃንዋሪ አጋማሽ። እማዬ ሙክት እንኳን ባይሆን ዶሮ እሠራለሁ ብላለች።

ኖቬምበር 11፣ እሑድ

ጋሽ ሀብተማርያም ሊጠይቋቸው መጡ። ታክሲ ነጂ ናቸው፣ እንደ ሠፈሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ከአፋቸው ቀልድ አይጠፋም።

“የሺ፣ ሚዳቋዋ ኢንሹራንስ አላት ወይ? ከሌላት ቤተሰቧን እንጠይቅ!”

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ “ቀንድ ነበራት?”

“አዎ” አልኩ።

“ሴቷ ቀንድ የላትም።”

“እንግዲያው ወንድ ነበር።”

“አይ ሰርኬ! መሽቶ እንዴት አየሽው? ጎበዝ ዓይን አለሽ።” በክፉ አይደለም፣ እየሳቁ ነው። እትዬ የሺ ግን ሳቃቸውን ቆረጡ። “ተዋት ልጅቷን። ደንግጣ ነው። እኔም አይቼዋለሁ፣ ጥጃ ያክላል” አሉ።

ጋሽ ሀብተማርያም አንድ ደንበኛቸው አሌክሳንድሪያ ጠበቃ ነው፣ ለመጀመሪያው ምክር አያስከፍልም፣ ምናልባት መንገዱ ላይ አጥር ያላጠረውን ሰውዬ ያገኝልናል አሉ። ሐሙስ ይወስዱናል። እኔ ላስተረጉም።

ኖቬምበር 15፣ ሐሙስ

ይሄን መጻፍ አለብኝ፣ ባልጽፈው ያልሆነ ይመስለኛል።

የጠበቃው ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ነው። እትዬ የሺ በክራንች፣ ጋሽ ሀብተማርያም ከኋላ፣ እኔ ከፊት ሆነን ወጣን። ጠበቃው እጃችንን ጨበጠ። እንዴት እንደሆነ ጠየቀ፤ እሳቸው በአማርኛ፣ እኔ በእንግሊዝኛ። ሚዳቋ፣ ጫካ፣ ዛፍ። እየጻፈ ነበር። ከዚያ ብዕሩን አቁሞ፤

“ሾፌሩ ማን ነበር?”

“እኔ።”

አየኝ። ከዚያ እትዬ የሺን አየ፣ እንደገና እኔን። “ሊከሰስ የሚችለው ሰው አንቺ ሆነሽ፣ ለከሳሿ የምታስተረጉሚውም አንቺ ነሽ?”

ለእሳቸው አልተረጎምኩላቸውም። ምን ይላል ሲሉኝ “ውጪ ጠብቂ ይላል” አልኩ። እንደዚያም ነው ያለው።

ኮሪደሩ ላይ ወንበር አለ፣ አጠገቡ የላስቲክ አበባ። ጠበቃው በስልክ አስተርጓሚ ጠራ። የሰውየው ድምፅ በግድግዳው በኩል እንደ ሬዲዮ ይሰማል። ለስላሳ ነው የሚጠይቀው፤ እትዬ የሺ ግን ስልክ ላይ ሁልጊዜ እየጮሁ ነው የሚያወሩት።

“ሾፌሯ ሌላ ነገር ታደርግ ነበር ወይ ይልዎታል?”

“ሚዳቋ ነው አልኩ!”

“ስልክ ይዛ ነበር ወይ?”

“አንተ ልጅ፣ ሚዳቋ ነው አልኩህ! ምነው፣ እኔ ዓይን የለኝም? ይቺ ልጅ እንደ ልጄ ናት፣ ትምህርቷን የጨረሰች፣ ሥራ ልትገባ ነው። ሚዳቋ! ሚዳቋ! ጻፍ በለው!”

የምታጸዳ ሴት በአጠገቤ አለፈች። ፈገግ አለችልኝ። እኔም ፈገግ አልኩ።

ጠበቃው ሚዳቋ ከሆነ የሚከሰስ የለም ብሎ ኬዙን አልያዘም። ስንመለስ መኪናውን የነዱት ጋሽ ሀብተማርያም ናቸው። ድልድዩን ስንሻገር በመስታወቱ አዩኝ።

ኖቬምበር 22፣ ሐሙስ፣ ታንክስጊቪንግ

እኛ ቤት ተሰብስበን በላን። እማዬ ብርጭቆ አንስታ “ልጄ በዚች ወር ያሳየችው ሰውነት አኮራኝ” አለች። ጎረቤቶች ጨመሩበት። “የአሁን ልጆች እንዲህ ናቸው? ስንቱ መኪናውን ጠግኖ ዞር ይል ነበር!” አሉ። አንዷ እጄን ሳመችኝ። እጄን።

እትዬ የሺ ማታ ወደ ቤታቸው ሲወጡ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ጉልበታቸው ከዳቸው። ከኋላ ሆኜ ያዝኳቸው። ክብደታቸው ደረቴ ላይ አረፈ። ከአፋቸው አንድ ድምፅ ወጣ፣ ከዚያ ወዲያው “ምንም አልሆንኩም፣ አንሸራትቶኝ ነው” አሉ። ደረጃው ደረቅ ነበር።

ኖቬምበር 25፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ላይብረሪ ነኝ። ቤት ውስጥ ይሄን መጻፍ አልቻልኩም።

ሚዳቋ አልነበረም።

መኪናው ውስጥ ሆነን ስልኬ ጭኔ ላይ ነበር። ሲበራ አየሁት፣ የካውንቲው ስም። መንገዱ ባዶ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው ብዬ ነበር። አንስቼ አነበብኩ። “በደስታ እናሳውቅዎታለን” የሚለው ላይ ስደርስ መንገዱ ታጠፈ።

ከዚያ ድምፁ። እትዬ የሺ እግራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፤ ጉልበታቸው ዳሽቦርዱ ሥር ነበር። “ምን አደረግኩ፣ ምን አደረግኩ” ስል እሳቸው ስልኬን ከእግራቸው ሥር አነሱና ወደ ወንበሩ ሥር ገፉት። አየኋቸው። የፖሊሱ መብራት ሲመጣ፤ “ሚዳቋ ገባብን በይው። እሷም እንደዚያ አለች በይው። ዕድሜሽን በአንድ ቀን አታበላሺ” አሉኝ። ሰውየው ሲጠይቀን እሳቸው በአማርኛ ተናገሩ። እኔ ተረጎምኩ። ቃል በቃል። በጣም ጥሩ ነው የተረጎምኩት።

ይኸው ጻፍኩት። ለሐኪሙም፣ ለነርሷም፣ ለኢንሹራንሷ ሴትዮም የደጋገምኩት ያንን ነው። ለዚህ ደብተር እንኳን። ያ ውሸት እኔን አድኖ እሳቸውን ጉልበት አሳጣ። ይሄን የማውቀው ከኖቬምበር 8 ጀምሮ ነው። ከዚያ በኋላ ያጠብኩት ልብስ ሁሉ ምንድን ነው?

ዲሴምበር 1፣ ቅዳሜ

ለእማዬ ነገርኳት። ሽንኩርት ስትከትፍ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

“የሺ ታውቃለች?”

“እሳቸው ናቸው እኮ ሚዳቋ ያሉት።”

“በቃ ዝም በይ” አለች። “እሷ ፈቅዳ የሸፈነችውን አንቺ ምን አግብቶሽ ትገልጪዋለሽ? ሥራሽስ? ፖሊስ ዋሽታለች ቢልሽስ? ቆመሽ የሰቀልሽውን ቁጭ ብለሽ አታወርጂውም።”

“ኦፕራሲዮኑስ?”

“እናዋጣለን። እድር አለ፣ ሰው አለ።”

“እማዬ፣ እድሩ ለቀብር ነው።”

ሽንኩርቱን እንደገና ጀመረች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር፣ ከሽንኩርቱ ይሁን ከእኔ አላወቅኩም።

ዲሴምበር 4፣ ማክሰኞ

ሆቴሉ ደወለ። በእትዬ የሺ ቦታ ሰው ቀጥረዋል። ስልኩን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፣ ያስረዳሁትም እኔ።

“እግዜር የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም” አሉ። ወደ ቴሌቪዥኑ ዞር አሉ። ጠፍቶ ነበር።

ዲሴምበር 8፣ ቅዳሜ

ነገርኳቸው። ምን ልነግራቸው እንደምችል አላውቅም፣ የማያውቁት የለም፤ ግን ተናገርኩ። ስልክ እያነበብኩ ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ኢንሹራንሱ ይከፍላል፣ ሄጄ እውነቱን ልናገር ነው፣ እርስዎም ይጠይቁኝ፣ ማለቴ ይክሰሱኝ።

“ምን?”

“ይክሰሱኝ።”

“ምን አልሽ አንቺ? በመኪናሽ የጫንሽኝን? በረዶ ስታደርጊልኝ የከረምሽውን? ልጅ ከስሼ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ልገባ?”

“እኔን ሳይሆን ኩባንያውን ነው።”

“ወረቀቱ ላይ የማን ስም ነው የሚጻፈው?”

“የኔ።”

“እንግዲያው አትቀልጂብኝ።” ወደ ግድግዳው ዞሩ። “የሆነው ሆኗል። ተቆጥቼሻለሁ? አልተቆጣሁሽም። ምን ትፈልጊያለሽ?”

ይቆጡኝ ማለት እንዴት ይባላል?

ዲሴምበር 11፣ ማክሰኞ

ለኢንሹራንሷ ሴትዮ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ድምፄን እየቀዳች ነበር። ስጨርስ ለረጅም ጊዜ የኪቦርድ ድምፅ ብቻ ተሰማ።

“ቀደም ብለሽ የተናገርሽው ሐሰት ነበር ማለትሽ ነው?”

“አዎ።”

“ለፖሊስም?”

“አዎ።”

“ለምን አሁን?”

“ተሳፋሪዋ ደረጃ መውጣት አቃታቸው” አልኩ።

የሳቸውን ቃል በራሳቸው አፍ፣ በሌላ አስተርጓሚ መስማት አለብኝ አለች። የእኔ ብቻ አይበቃም፣ ምክንያቱም አንድ ጊዜ የቀየረ ሰው ሁለተኛ ሊቀይር ይችላል። ልክ ናት።

ዲሴምበር 14፣ ዓርብ

ለካውንቲውም። በአካል ሄጄ። አለቃ የምትሆነኝ ሴት ሰማችኝ፣ አመሰገነችኝ፣ ስለታማኝነቴ፣ ሥራውን ግን “ለጊዜው” አቆየችው። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሚያበቃ አልነገረችኝም። በአውቶቡስ ተመለስኩ። ላንግሊ ፓርክ ጋ ስደርስ የተቀመጡት ሁሉ ዩኒፎርም የለበሱ ነበሩ፣ ለሥራ የሚሄዱ። ቀናሁባቸው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደግሞም ቀለለኝ።

ዲሴምበር 27፣ ሐሙስ

እትዬ የሺ ስልኩን አያነሱም። ሴትዮዋ ሦስቴ ደውላለች። ለእኔ ደግሞ በር ይከፍታሉ፣ ሻይ ያቀርባሉ፣ ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ። ክራንቹን ጥለው ግድግዳ እየያዙ ነው የሚሄዱት፣ ለመዳናቸው ማስረጃ እንዲሆን።

ጋሽ ሀብተማርያም ዘንድ ሄድኩ። ታክሲያቸው ውስጥ ሆነን ነገርኳቸው። አልተገረሙም።

“ወንድ ነበር ባልሽኝ ጊዜ ነው የገባኝ” አሉ። “እና አሁን ምን ላድርግልሽ?”

“ሽማግሌ ይሁኑልኝ።”

“ለዕርቅ? እናንተ ተጣልታችኋል?”

“አልተጣላንም። እንዲከሱኝ ያግባቡልኝ።”

መሪውን መታ መታ አደረጉ። “ሰላሳ ዓመት ሽማግሌ ተቀመጥኩ። ባልና ሚስት አስታረቅኩ፣ ደም ሳይቀር። ክሰሱኝ ብሎ ሽማግሌ የላከ ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።” ከዚያ፤ “ለገና እንሄዳለን። የእድሩን ዳኛ ቢራቱንም አመጣለሁ፣ እሱ ከኔ ይልቅ ከበድ ይላል።”

ጃንዋሪ 7፣ 2013፣ ሰኞ፣ ገና

ጋሽ ሀብተማርያምና አቶ ቢራቱ፣ ሁለቱም ኮት ለብሰው መጡ። ቁርጥ እንደ ሽምግልና ሥርዓት በር ላይ ቆሙ። እትዬ የሺ ለበዓል እንደመጡ መስሏቸው “ግቡ ግቡ” አሉ። “አንቀመጥም፣ ጉዳይ አለን” ሲሉ ሳቃቸው ጠፋ። እማዬና እኔ ከኩሽና በኩል ነን።

አቶ ቢራቱ ጀመሩ። ዝግ ብለው ነው የሚናገሩት። ኩባንያው የእማዬን ገንዘብ በየወሩ ለዚሁ ቀን ሲቀበል እንደኖረ፤ የሚከፍለው ከሰርክአዲስ ኪስ እንዳልሆነ፤ ይሄ እንደ አገር ቤት ሰው አስሮ ማስገባት እንዳልሆነ።

“አባቴ” አሉ እትዬ የሺ፣ “ፖሊስ ፊት በአፌ ያልኩትን በምን አፌ ላፍርሰው? ሴትዮዋ ሐሰተኛ ናት ትባላለች እንጂ ጉልበቷ ታመመ አይባልም።”

“ውሸቱ የልጅቷ ነው፣ ወስዳዋለች” አሉ ጋሽ ሀብተማርያም።

“የልጅቷ አይደለም! የኔ ነው። እኔ ነኝ ያልኩት።”

እኔ ወጥቼ ልናገር ስል እማዬ ቀደመችኝ። መሐል ቤት ድረስ ሄዳ ቆመች። አልተቀመጠችም።

“የሺ። ልጄን ሸፈንሽልኝ። ማንም እናት የማትረሳው ነው። እኔም ዝም በይ አልኳት፣ እኔ። ግን አንቺ ከላይ ነሽ፣ እኔ ከታች። አንድ እግርሽ ሲረግጥ፣ ሌላው ሲጎተት፣ ጧት ማታ በጣራዬ እሰማዋለሁ። ለመጸዳጃ ስትነሺ እሰማለሁ። ስትቆሚ፣ ግድግዳውን ስትይዢ እሰማለሁ። ስለ ልጄ እያልሽ አታሳብጂኝ። ገላግይኝ።”

እትዬ የሺ ወለሉን አዩ። እግራቸው ያለበትን ቦታ፣ ከሥሩ እኛ የምንኖርበትን።

“እርምጃዬም እንደዚህ ይሰማል?”

“ይሰማል።”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? በካልሲ እሄድ ነበር” አሉና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡት። ጋሽ ሀብተማርያም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ጃንዋሪ 9፣ ረቡዕ

ዛሬ እትዬ የሺ ለኢንሹራንሱ ደወሉ። ስልኩ ጠረጴዛው መሐል፣ ስፒከር ላይ። ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ፣ አስተርጓሚው በአማርኛ። አስተርጓሚው ወጣት ነው፣ በጣም ሥርዓት ያለው፣ ከየት እንደሚያወራ አይታወቅም። እኔ እንድቀመጥ ተፈቅዶልኛል፣ እንዳልናገር ግን ተነግሮኛል። እማዬ አጠገቤ ናት።

ስም፣ አድራሻ፣ ቀን። የት ተቀምጠው ነበር? ከፊት፣ በቀኝ በኩል። ቀበቶ አድርገው ነበር? አድርጌ ነበር።

“ሚዳቋ መንገድ ላይ አይተዋል ወይ ይሉዎታል?”

እትዬ የሺ ጣታቸውን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጫኑ። እኔን አላዩኝም።

“አላየሁም።”

“ምን ነበር ያዩት?”

“ልጅቷን።”

“ልጅቷ ምን ታደርግ ነበር?”

“ስልኳን ታነባለች። መሽቷል፣ ፊቷ በስልኩ በርቷል።”

አስተርጓሚው ተረጎመ። ሴትዮዋ ትጽፋለች። ከዚያ፤ “ስልክ ስታነብ ካዩ፣ ምንም አላሏትም?”

“አላልኳትም።”

“ለምን እንደሆነ ሊነግሩን ይችላሉ?”

“ደስ ብሏት ነበር” አሉ። “እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ዝም አልኳት።”

አስተርጓሚው ወዲያው አልተረጎመም። ከዚያ ተረጎመው፤ ልክ እንዳሉት ነው፣ ምንም አላጎደለም።

ሴትዮዋ ጨረሰች፣ አመሰገነች፣ ፋይሉ እንደገና ይከፈታል አለች፣ የሐኪሙን ወረቀት ትጠይቃለች። እማዬ ስልኩን ዘጋች።

እትዬ የሺ እንደተቀመጡ ናቸው። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፣ ያልለመድኩት ዓይን ነው።

“መኪናውን ዳር አቁሞ ማንበብ ያቅትሻል?”

ከወንበሬ ተነሳሁ።

“አንቺ የተማርሽ! ደብዳቤው ይሸሽ ነበር? አምስት ደቂቃ ቢቆይ ይሰርዙት ነበር? አሥራ አንድ ዓመት የቆምኩበትን እግሬን! ጧት ስነሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ እግዜርን እለምናለሁ፣ ታውቂያለሽ? ለመቆም ብቻ! ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲሰግድ እኔ እንደ ፈረንጅ ወንበር ላይ! ለዚያች ለስልክሽ! ለዚያች!”

ድምፃቸው በፎቁ ሁሉ ሳይሰማ አይቀርም። እማዬ መሐል ልትገባ ስትል ክንዷን ያዝኩ። ቆሜ ሰማሁ። ብዙ አሉ። ሁሉም እውነት ነበር፣ አንዱንም ሌላ ሰው ሊነግረኝ አይችልም ነበር። እንባዬ ሲወርድ እንኳን አላቆሙም፣ እንዳያቆሙም ፈልጌ ነበር።

ሲደክማቸው “ውሃ አምጪ” አሉ።

አመጣሁ። ቁጭ ብለው ጠጡ፣ እስከ መጨረሻው። ብርጭቆውን መለሱልኝ። አልመረቁኝም።